በእንግዳ እጅ ስላለ የመገናኛ ራዲዮና ስለ ፈቃዱ ሥርዓት፤ በምዕራብ ጎጃም አገር እንደ ታየ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን ካለፈ በኋላ ጅጋን ለቆ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ቀጥሎም ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንደኛው ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ነቀምት ይሻገራል። በዚህ አገር የሩቅ እንግዳ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። የዓባይን ምንጭ ሰከላ ላይ ለማየት የሚመጣ አለ፤ ስለ አፈርና ስለ ውሃ የሚያጠና አለ፤ ወፍ የሚመለከት አለ፤ በሐኪም ቤት ጥቂት ወራት ሊረዳ የሚመጣም አለ። ከነዚህ እንግዶች አንዳንዶቹ በሻንጣቸው ውስጥ በእጅ የሚያዙ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ፣ በአገራችን ሰው አፍ «ዎኪ ቶኪ» የሚባሉ ትንንሽ የመገናኛ ራዲዮኖች ይዘው ይመጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ራዲዮኖች በኢትዮጵያ ምድር በሕግ ፊት ምን እንደ ሆኑና ፈቃዳቸው ከወዴት እንደሚገኝ ማስረዳት ነው።

ነገሩን ለማጥናት ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው። አጎቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ከእርሻቸው ጋር በቅሎ ያከራያሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልና ሚስት የሆኑ ፈረንጆች ሦስት በቅሎ ተከራይተዋቸው ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደው ነበር። እንግዶቹ ቀድመው ሲሄዱ አንዱን ራዲዮ ለራሳቸው ይዘው፣ ሁለተኛውን ጭነት እየነዱ ከኋላ ለሚከተሉት ለአጎቴ ሰጧቸው። በሚሰናበቱበትም ቀን ጥንዱን ለልጆቹ መጫወቻ ይሁን ብለው ትተውላቸው ሄዱ። ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ አንዱ ከጉብታ ላይ፣ አንዱ ከወንዝ ዳር ሆነው ሲነጋገሩበት የአካባቢው ሚሊሻ ያያቸዋል። ሰውየው ጎረቤት ስለ ነበረ ወደ አጎቴ መጥቶ፣ «አያ፣ ይኸን ነገር ከቤትዎ አያሳድሩት፤ ሌላ ሰው ቢያየው ሰላይ ያስብልዎታል» አላቸው። አጎቴም በማግሥቱ ወስደው አስረከቡ፤ ሽማግሌም ተናገረላቸውና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አዋጁን ሳነብ፣ ነገሩ በዚያው የቀረው በሕግ ሳይሆን በጉርብትና እንደ ነበረ ተረዳሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዜናና ዘፈን የምንሰማበት ራዲዮ ተቀባይ ብቻ ነው፤ በየቤቱ ሺህ ቢሆን አንዱ ሌላውን አያውክም። የመገናኛ ራዲዮ ግን ያስተላልፋል፤ ያስተላለፈም ሁሉ አየሩን ከሌላ ሰው ጋር ይካፈላል። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ የአንዱ ቃል የሌላውን ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነው ሰው የአምቡላንስ ሹፌር ቢሆን የጉዳቱን ልክ ማስረዳት አያስፈልግም። መንግሥታት አየሩን እንደ መሬት ከፋፍለው ለየሥራው የሚመድቡት ስለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ1932 እ.ኤ.አ. አባል የሆነችበት የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው የራዲዮ ደንብ አንቀጽ 18 ላይ ዋናው መሠረት ተጽፏል። ሐሳቡም ማናቸውም የግል ሰው ወይም ድርጅት የጣቢያው ባለ ሥልጣን የሆነው መንግሥት ፈቃድ ሳይሰጠው የሚያስተላልፍ ጣቢያ ማቆምም ሆነ መሥራት አይችልም የሚል ነው። እዚህ ላይ «ጣቢያ» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሳስት እፈራለሁ። በሕጉ አነጋገር ከፍ ያለ ምሰሶ ያለው የአዲስ አበባው ማሠራጫም ጣቢያ ነው፤ በእረኛ ልጅ ኪስ ውስጥ የሚገባው ዎኪ ቶኪም ጣቢያ ነው።

እንግዳው ግን ይህን ሳያውቅ ቢመጣ ብዙ አይፈረድበትም፤ በአገሩ ማንም ፈቃድ ጠይቆት አያውቅምና። የአሜሪካ መንግሥት ለቤተሰብ መገናኛ ብሎ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ 22 መሥመሮች ለይቶ፣ የውጭ መንግሥት ወኪል ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ያለ ፈቃድ እንዲነጋገርባቸው ፈቅዷል። የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ከ446.0 እስከ 446.2 ሜጋኸርዝ ያለውን ቦታ ከግማሽ ዋት ለማይበልጥ የእጅ ራዲዮ ነፃ አድርገውታል። በአውስትራሊያም ገበሬውና የጭነት መኪና ነጂው በ476 እና በ477 ሜጋኸርዝ ላይ በ80 መሥመሮች ይነጋገራሉ። ሦስቱም ነፃነቶች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። አሜሪካዊው የራሱን ራዲዮ ይዞ ፓሪስ ላይ ቢናገር ለሌላ ሥራ በተመደበ ሞገድ ላይ ይገባል፤ ጀርመናዊው የራሱን ይዞ ኒው ዮርክ ላይ ቢናገር ለአማተሮች በተመደበው ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ይገኛል። እርስ በርሳቸው በማይስማሙበት ነገር ወደ ቡሬ መጥተው «በአገራችን ነፃ ነው» ቢሉ የሚያስኬድ አይደለም። ነፃነቱ የተሰጠው ለሰውየው ወይም ለዕቃው ሳይሆን፣ በዚያ አገር ውስጥ በዚያ ሞገድ ላይ ለሚደረገው ንግግር ነውና።

ከነዚህ ይልቅ ከባዱን ጥርጣሬ የሚያስከትለው ሌላ ዐይነት ነው። ቻይና ሠራሽ የሆነው ባኦፌንግ የተባለ ራዲዮ ዋጋው እጅግ ርካሽ፣ ኃይሉም አራትና አምስት ዋት ያህል ነው፤ በአንድ ጠባብ መሥመርም አይወሰንም፤ ከ136 እስከ 174፣ እንዲሁም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ሰፊ ቦታ ባለቤቱ በጠቆመው ሞገድ ላይ ይናገራል፣ ያዳምጣልም። ይህም ማለት ለፖሊስና ለሌላ የመንግሥት ሥራ ሊመደብ በሚችል ቦታ ላይ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በየፍተሻው ኬላ የቆመ ሰው በመልክ ይህንን ከዚያኛው የልጅ መጫወቻ ሊለይ አይችልም፤ ይለይ ዘንድም አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49/1989 ዘርፉን የሚቆጣጠር ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ የሞገድን አመዳደብና ፈቃድ በሱ ሥር አደረገ። በሁለቱ መካከል የወጣው ለያዝነው ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ይኸውም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ነው። ስሙ ስለ ማጭበርበር ቢናገርም አንቀጽ 3 ማጭበርበርን አይጠይቅም። ከሚመለከተው ሚኒስቴር አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ወደ አገር ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር መቀጮ ተደንግጎበታል። ያለ ፈቃድ የተጠቀመ ወይም የያዘ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር መቀጮ። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን የመሣሪያ ዐይነቶች ሚኒስቴሩ ሊለይ እንደሚችል ይናገራል። ይህ በር ባይኖር ኖሮ ተንቀሳቃሽ ስልክ የያዘ ሁሉ ወንጀለኛ በሆነ ነበር።

«ወደ አገር ያስገባ» የሚለው ቃል የነጋዴን ኮንቴይነር ብቻ ነው ወይስ የመንገደኛንም ሻንጣ የሚለውን ለሕግ ተማሪዎች እተወዋለሁ። በተግባር የሚታየው ብዙውን ጊዜ ዕቃው በቦሌ ጉምሩክ ተይዞ ባለቤቱ ሲመለስ እንዲወስደው መደረጉ ነው፤ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች አጉሊ መነጽር ሳይቀር እንደሚያዝባቸው መንገደኞች ደጋግመው ጽፈዋል። በጉምሩክ የተያዘበት እንግዳ ይናደዳል እንጂ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ሳይታይ ያለፈው ራዲዮ ገጠር ሲደርስ ነው።

በኔ አስተያየት የነገሩ ዋና ቁልፍ ያለው «የተጠቀመ ወይም የያዘ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ራዲዮ ብቻውን አይሠራም፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ አለው። ሁለተኛውን የሚይዘው ማነው? ሁለቱም እንግዶች ከሆኑ ነገሩ በነሱ መካከል ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለተኛው ራዲዮ በመንገድ መሪው፣ በአስተርጓሚው፣ በበቅሎ ነጂው ወይም በምግብ አብሳይዋ እጅ ነው። አጎቴ ራዲዮውን አልገዙም፣ አላስገቡም፣ ስሙንም በውል አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ይዘውታል፣ ቁልፉን ተጭነውም ተናግረውበታል። እንግዳው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ኤምባሲም አለው። ተከራይቶ የተከተለው ሰው ግን ከነራዲዮው በቀበሌው ይቀራል። ስጦታ ሆኖ ሲቀርለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ምስጋና የመሰለው ነገር ከ1 እስከ 4 ዓመት የሚያስቀጣ ዕቃ ሆኖ ከመደብ ሥር ይቀመጣል። ስለ እንግዶች ራዲዮ የሚናገሩ የጉዞ መጻሕፍት ለእንግዳው ብቻ ያስባሉ፤ ስለ ሁለተኛው ያዥ አንድም መስመር የጻፈ አላገኘሁም።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ «ታዲያ ራዲዮ ምን ያደርግላቸዋል? ስልክ አለ አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ክርክሩ እውነት ነው። ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ገደል የወረደ ሰው ግን ስልኩ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳየውም። ይሁን እንጂ ትንሿ ራዲዮም ተአምር አትሠራም። የነዚህ ራዲዮኖች ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ አያልፍም። ግምቱን ለማግኘት የሚናገርበትን ቦታ ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ፣ በ4.1 ማባዛት ይበቃል፤ ውጤቱ የራዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር ነው። ራዲዮውን በደረቱ ቁመት፣ ማለትም በ1.5 ሜትር የያዘ ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በለጥ ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቢበዛ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይተያያሉ ማለት ነው። ዛፍና ቤት፣ የግማሽ ዋትም ኃይል ተጨምሮበት ይህ ወደ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በአንጻሩ በአካባቢው ላይ 100 ሜትር ከፍ ካለ ጉብታ ላይ የወጣ ሰው አድማሱ 41 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም ራዲዮ ይዞ መነጋገር የፈለገ ሰው ሁሉ ወደ ጉብታ መውጣት ግድ ይሆንበታል። አሁን ደግሞ ነገሩን ከታች ሆኖ እንደሚያየው ገበሬ እንየው። አንድ የማይታወቅ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ፣ ሸለቆውን እየቃኘ፣ በማይታወቅ ቋንቋ በራዲዮ ይናገራል። ከፍኖተ ሰላም በማይርቀው በብር ሸለቆ የጦር ማሠልጠኛ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ በነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በወረደ ጥቃት ብዙ ሰው አልቋል፤ በዚያው ሰሞን የክልሉ የኢንተርኔት መሥመር ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ አሳስበዋል። ይህን ያየ ሕዝብ ከጉብታ ላይ በራዲዮ የሚናገርን ሰው ወፍ ተመልካች ነው ብሎ እንዲያስብ መጠየቅ ከልክ ያለፈ ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሞገዱ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን፣ ያዡን ማን እንደ ሆነ ለመናገርም ጭምር ነው።

በነገራችን ላይ የውጭ ሰው የመገናኛ ራዲዮ ይዞ በዚህ አገር ሲያልፍ አዲስ ነገር አይደለም። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ጓድ ይዘው ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በጠላት ወደ ተያዘው ጎጃም ገቡ። ሽቦ አልባ መሣሪያቸውን በጭነት ከብት አስጭነው፣ በሚሰፍሩበት ቦታ እየተከሉ ከካርቱም ጋር ይነጋገሩ ነበር። በሰከላም ከሰፈሩ በኋላ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ዊንጌት በአውሮፕላን ወደዚያ መጥቶ ከሳቸው ጋር ተማክሯል። በየካቲት መጨረሻ ኢጣልያኖች ቡሬን ለቀቁ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው መንደር ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው።

ይህን የማነሣው ጀግንነቱን ለመተረክ አይደለም፤ ያንን ሌሎች በሚገባ ጽፈውታል። እኔን የሳበኝ ራዲዮው ብቻውን አለመግባቱ ነው። ከሳንድፎርድ ጋር የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ፤ ለአርበኞቹ አለቆች የሚሰጥ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ነበር። እንግዳ ነጭ ሰው የሚናገር ሣጥን ይዞ ሲመጣ የጎጃም ባላገር «ይህ የማነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን የማያነብ ቢሆን ደግሞ የሚመልስ ሰው ነበር። ዛሬ ፈቃድ የምንለው ነገር ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ አማተር ራዲዮ ጥቂት ልበል። አማተር ማለት ተፈትኖ ከአገሩ መንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያገኘ፣ ያለ ጥቅም ለዕውቀት ሲል ከዓለም ጋር በራዲዮ የሚነጋገር ሰው ነው። አውሮፓውያን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንዱ አገር አማተር በሌላው አገር እስከ ሦስት ወር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲሠራ ተስማምተዋል፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በስምምነቱ ውስጥ አለች፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። በ2003 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደንብም እንግዳን አማተር መፍቀድና አለመፍቀድ የየመንግሥቱ ፈንታ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ አውሮፓዊው አማተር ወረቀቱን ይዞ ቢመጣም በቡሬ ጉብታ ላይ ሊናገርበት አይችልም። ነገር ግን አንድ መልካም መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ «ኢቲ 3 ኤኤ» የተባለ የጋራ ጣቢያ አቋቁሟል፤ ከውጭ የመጡ አማተሮችም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ሠርተውበታል። እንግዳው የራሱን ጣቢያ ከማቆም ይልቅ ፈቃድ ባለው ቤት ገብቶ ይናገራል፤ የኛ ተማሪም ከሱ ይማራል። በጎጃም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢኖራቸው ይበጃል የሚል ሐሳብ አለኝ፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች እንዲያስቡበት አሳስባለሁ።

ለቀረው እንግዳ ያለው መንገድ ሳይነሣ አስቀድሞ ማመልከት ነው። ፈቃድ ሰጪው ከራዲዮው ባሕርይ የተነሣ ማወቅ የሚገባው ነገር ግልጽ ነው፤ የመሣሪያው ዐይነትና ቁጥር፣ የሚናገርበት ሞገድ፣ የኃይሉ ልክ፣ የሚሠራበት ወረዳ፣ የሚቆይበት ጊዜና ምክንያቱ። ብቻውን የመጣ እንግዳ ይህን ከማስረዳት የሚጋብዘው ድርጅት ወይም የትምህርት ተቋም ቢያስረዳለት ነገሩ ይቀላል። ግማሽ ዋት ለሆነችው ትንሽ ራዲዮ አዋጁ ራሱ የከፈተው የሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ በር ቢጠቅም አይከፋም፤ ይሁን እንጂ በአሁኑ ሁኔታ ለምዕራብ ጎጃም እኔ ራሴ አልቸኩልም። የምቸኩለው ለሌላው ነገር ነው። ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ የሁለተኛው ያዥ ስም አብሮ ቢጻፍ፣ ወረቀቱም በአማርኛ ተጽፎ አንድ ግልባጭ በሱ እጅ ቢቀመጥ፣ ሲገባ የተመዘገበው ራዲዮ ሲወጣም አብሮ መውጣቱ ቢታይ፣ በጎ አድራጊ እንግዳ ሳያውቀው በድኻ ቤት ወንጀል ትቶ አይሄድም ነበር።

አጎቴ አሁንም በቅሎ ያከራያሉ፤ ተከራዩ ግን እንደ ቀድሞው ብዙ አይደለም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት በሻንጣው ውስጥ የሚናገር ዕቃ እንዳለ ነው። አለኝ ካላቸው ወረቀቱን ይጠይቃሉ፤ ወረቀት ከሌለውም በቅሎውን አይከለክሉትም፤ ራዲዮውን ግን በእጃቸው አይቀበሉም፤ ከኋላ ሲከተሉም መድረሳቸውን የሚያስታውቁት እንደ ድሮው በጥሩንባ ነው።